የሃረና ቁልቁለትና ዘግይቶ የደረሰው ሳይንስ

ከጎባ ከተማ ተነሥቶ በሳነቴ አምባ በኩል ወደ ደሎ መና የሚወርደው መንገድ ለመሐንዲስ ዓይን ልዩ ትምህርት አለው። በሥዕል ጠረጴዛ ላይ የሚነደፍ የቁም ቅርጽ በእውነተኛ መልኩ፣ ከነልብሱ የሚታይበት መንገድ ነውና። መንገዱ መጀመሪያ ከ4000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ 4377 ሜትር ከፍታ ያለውን የቱሉ ዲምቱ ተራራ በቅርብ እያሳየ ጅብራ የቆመበትን ሜዳ ያቋርጣል። ከዚያ በኋላ ሜዳው ድንገት ያልቃል። ከገደሉ ጫፍ በታች፣ ብዙ ጊዜ ጉም ለብሶ የሚታየው፣ የሃረና ደን ነው።

አባቶቻችን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ ብለው የከፈሉት ምድር በሌላ አገር የብዙ ቀን ጉዞ የሚጠይቅ ሲሆን፣ እዚህ ግን በግማሽ ቀን መንገድ ውስጥ ተደራርቦ ይገኛል። በየ1000 ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ያህል ይሞቃል ብንል፣ ከሳነቴ ጫፍ ቡና እስከሚበቅልበት እስከ 1500 ሜትር ድረስ ያለው ልዩነት 15 ዲግሪ ይሆናል። በላይኛው ጠርዝ የዛፍ ሽበት የተንጠለጠለበት አስታ አለ፤ ከእርሱ በታች ኮሶና አምጃ፣ ቀጥሎም የቀርቀሃ ጫካ፣ ከዚያም ዝግባ የመሰሉ ታላላቅ ዛፎች፣ በመጨረሻም በእነዚህ ጥላ ሥር ማንም ያልተከለው ቡና ይገኛል።

እንዲህ ያለው ስፍራ ለሳይንስ ዘግይቶ መታወቁ የሚያስገርም ነው። ከዚህ ቀጥሎ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብ። ጀርመናዊው ሩፔል ግዙፉን ፍልፈል በ1842 በስም መዝግቦት ነበር። ኦስካር ኖይማን ደግሞ ቀርቀሃ በሊታውን የባሌ ጦጣ በ1902 ገለጸው። ይሁንና ስሙን የሰጠው ከባሌ ሳይሆን ከጃምጃም ነው። የደጋ አጋዘንማ ከአፍሪካ ትልልቅ አጋዘኖች መካከል በሳይንስ ዘንድ የመጨረሻው ግኝት ነው። እንግሊዛዊው ሻለቃ በክስተን ከባሌ ጋር በሚጎራበቱት የአርሲ ተራሮች በ1908 ገድሎ የላከውን ናሙና ተመልክቶ ሊደከር በ1910 የበክስተንን ስም አወጣለት። ላም የሚያክል እንስሳ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት መግቢያ ድረስ «አልተገኘም» መባሉ ለተራራው ነዋሪ ሳያስቀው አይቀርም።

የባሌ ተራሮች በመልክአ ምድር ጠበብት በቅጡ መጠናት የጀመሩት ፊንላንዳዊው ስሜድስና የዕፅዋት ሊቁ ሙኒ በ1950ዎቹ መጨረሻ ከጎበኟቸው በኋላ ነው። በ1960ዎቹ ሌስሊ ብራውን የደጋ አጋዘንን ሁኔታ ሊመረምር መጣ። ብሔራዊ ፓርኩም በ1970 ተቋቋመ። እነዚህ ሁሉ ግን በአብዛኛው የሠሩት በሰሜኑ በኩል፣ በቅሎ በሚሄድበት ገላጣ ሜዳ ላይ ነበር። ደቡቡ ግን ገደልና ጉም፣ ጥቅጥቅ ያለ ዱርም ነው፤ ተጓዡ ከጫፉ ቆሞ አይቶ ይመለሳል። ለዚህም ነው ላይኛው ባሌ ከተጠና በኋላ እንኳ ሃረና ለብዙ ጊዜ በመዝገብ ባዶ ሆኖ የኖረው።

ላይኛው ባሌም ቢሆን ምሥጢሩን ጨርሶ አልሰጠም ነበር። በወይብ ሸለቆ፣ 3469 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ፊንጫ ሀበራ የሚባል የዐለት ጥላ አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦች ከጀርመንና ከስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው ቆፍረው ውጤቱን በ2019 አሳተሙ። ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመታት በፊት ሰዎች በየጊዜው እየተመላለሱ ኖረውበታል። ከዚያ በፊት በከፍተኛ ተራራ ላይ መኖር ለሰው ልጅ አዲስ ነገር እንደሆነ ይታመን ነበር፤ በፔሩ አንዲስ ተራሮች የተገኘው ጥንታዊ መኖሪያ እንኳ ዕድሜው 12 ሺህ ዓመት ያህል ነው።

የሰዎቹ ኑሮ አደረጃጀት ለእኛ ሙያ ቅርብ ነው። በዚያን ዘመን ከበላያቸው ያሉት ጫፎች በበረዶ ግግር የተሸፈኑ ነበሩ። ውኃ ከበረዶው መቅለጥ ይገኛል። ምግባቸው በዋናነት ያው ሩፔል የመዘገበው ፍልፈል ነበር፤ የተቃጠለ አጥንቱ በዋሻው ወለል በብዛት ተገኝቷል። አንድ ኪሎ ያህል የሚመዝን፣ በአንድ ስፍራ የሚበዛና ከጉድጓዱ ብዙ የማይርቅ እንስሳ ለአዳኝ የተዘጋጀ ጎተራ እንደ ማለት ነው፤ ቀይ ቀበሮም እስከ ዛሬ ከዚሁ ጎተራ ይመገባል። የመሣሪያቸው ባልጩት ደግሞ የመጣው ከመኖሪያቸው በላይ፣ ከ4200 ሜትር ከፍ ብሎ ከሚገኘው የዋሰማ ሸንተረር ነው። ጥሬ ዕቃውን ፍለጋ ወደ በረዶው ጠርዝ ይወጡ ነበር ማለት ነው። ስፍራውን የመረጡት ተገፍተው ሳይሆን ዐውቀው ይመስላል፤ መጠለያ፣ ውኃ፣ ሥጋና ድንጋይ በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ የተሰበሰቡበትን ቦታ ማንም አቃጅ ቢሆን አይንቀውም።

በሳነቴ ላይ የሚታዩት የድንጋይ ረድፎችም የዚያው የቅዝቃዜ ዘመን ቅርስ ናቸው። አንዳንዶቹ እስከ 1000 ሜትር ይረዝማሉ፣ ስፋታቸው እስከ 15 ሜትር፣ ጥልቀታቸውም እስከ ሁለት ሜትር ይደርሳል። ከሩቅ ለሚያያቸው የሰው እጅ የደረደራቸው ይመስላሉ። መሬቱ እየረጋና እየቀለጠ ሲመላለስ ትልልቁን ድንጋይ ከደቃቁ አፈር የለየው ውርጩ ራሱ መሆኑ በ2021 በታተመ ጥናት ተብራርቷል። በደጋ መንገድ ሥራ ላይ የተሰማሩ ባልደረቦች ይህን ኃይል በትንሹ ያውቁታል። ሌሊት የረጋ ውኃ ቀን ሲቀልጥ የመንገድን ትከሻ የሚያላቅቀው በዚሁ ሕግ ነው።

ወደ ሃረና እንመለስ። በ1980ዎቹ የዱር እንስሳት ባለሙያው ጄሲ ሂልማን በፓርኩ ይሠራ ነበር፤ ቀደም ሲል በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ማልኮልም ላርገን፣ ከማንቸስተርም ዴቪድ ያልደን በደኑ ውስጥ ናሙና ሰበሰቡ። ፍሬው ባጭር ጊዜ ውስጥ ታየ። በ1989 ላርገንና ድሩውስ አንዲት አጭር፣ ድንቡሽ ያለች እንቁራሪት አዲስ ዝርያ ብቻ ሳትሆን አዲስ ወገን መሆኗን ገለጡ፤ ወገኗን ከባሌ፣ ዝርያዋን ከሂልማን ስም ሰየሟት። በ1990 አይጥ የሚመስሉ፣ አፍንጫቸው የሾለ ሁለት ጥቃቅን ነፍሳት በላዎች ከዚሁ ደን ተመዘገቡ፤ አንደኛው የሃረናን ስም ይዟል። በ1991 ሌላ እንቁራሪት፣ እርሷም አዲስ ወገን፣ አስታው ውስጥ ተገኘች። በ1995 ደግሞ አንድ እስስት የሃረናን ስም ተቀበለ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው የመጀመሪያዋ እንቁራሪት ነገር ነው። የቅርብ ዘመዶቿ የሚገኙት በታንዛኒያና ከዚያም በስተደቡብ ባሉ አገሮች ነው። በመካከሉ የኬንያ በረሃ ተዘርግቷል። እርጥብ አፈር የምትሻ፣ ሩቅ የማትሄድ ትንሽ ፍጥረት ያንን ሁሉ ምድር ዛሬ ባለው መልኩ አቋርጣ መጣች ለማለት አይቻልም። ስለዚህ እርሷ ራሷ፣ አንድ ጊዜ እርጥበቱ የተያያዘ መሬት እንደነበረ የምትመሰክር ሰነድ ናት። ይህ ሰነድ የሚገኘው ደግሞ 3200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ መንገዱ በሚያልፍበት በካቻ አካባቢ፣ በጠባብ የአስታ መቀነት ውስጥ ብቻ ነው።

የደኑ ሰዎች ኑሮም ከግኝት የሚቆጠር ነው። የባሌ አርብቶ አደር «ጎዳንቱ» በሚለው ሥርዓት ከብቱን እንደ ወቅቱ ከቆላ ወደ ደጋ፣ ከደጋ ወደ ደን ሲያዘዋውር ኖሯል። በዐውሎም ሆነ በእንስሳ እንዳይደፈር ቀፎውን ከታላላቅ ዛፎች ላይ ይሰቅላል። ቡናውንም ከዱር ይለቅማል፤ በኦሮሞ ባህል ከነገለፈቱ በቅቤ ተጠብሶ ይበላል። ይህ የዱር ቡና ለመላው ዓለም ዋጋ አለው። በስምጥ ሸለቆው ምሥራቅ ዐረቢካ ቡና በዱር ከሚገኝባቸው ዋና ዋና ደኖች አንዱ ሃረና ነውና፤ ለድርቅ ወይም ለበሽታ መድኃኒት የሚሆን ዘር የሚፈለገው በእንዲህ ያሉ ስፍራዎች ነው። በ2012 የታተመ አንድ ጥናት እንደ ገመተው፣ የአየር ጠባዩ ለዱር ዐረቢካ ቡና የሚስማማባቸው ቦታዎች እስከ 2080 ድረስ ቢያንስ በ65 ከመቶ ይቀንሳሉ፤ ነገሩ ከከፋም እስከ መጥፋት ይደርሳሉ።

ቡናው ምናልባት ወደ ላይ ይሸሽ ይሆናል፤ ቁልቁለቱ ለዚያ የሚሆን ከፍታ አለው። ለእንቁራሪቶቹ ግን ይህ ዕድል ጠባብ ነው፤ ከአስታው በላይ ያለው ገላጣና ውርጫም ሜዳ ነው። በ2013 የወጣ ጥናት ተመራማሪዎች ቀድሞ በቀላሉ በተገኙበት ስፍራ ብዙ ፈልገው ጥቂት ብቻ እንዳገኙ፣ ከነዚያም አንዳንዱ ስፍራ ባዶ እንደነበረ ገልጿል። ምክንያቱ የከብት ግጦሽና የማገዶ ቆረጣ ሳይሆን አይቀርም። እዚህ ላይ ፍርድ መስጠት ቀላል አይደለም፤ እንጨቱን የሚቆርጠው ሰው የሚኖርበት ብርድ ሌሎች ለአንድ ሌሊት ሊታገሡት የሚከብድ ነውና። ነዳጅ የሚቆጥብ ምድጃ፣ ሙቀት የሚይዝ ግድግዳ፣ የመንገድ ውኃ ወደ አስታው ሳይለቀቅ የሚሄድበት ቦይ፣ እነዚህ ሁሉ የእንስሳት ሊቃውንት ሳይሆን የመሐንዲሶች ሥራ ናቸው።

የፓርኩ ወሰን በሕግ የታወጀው በ2014 ነው፤ የባሌ ተራሮችም በመስከረም 2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ ገቡ። ሁለቱ የአስታ እንቁራሪቶች ግን የመጥፋት አደጋቸው እጅግ የከፋ ተብለው ከተመደቡት ዝርያዎች መካከል ናቸው።