ምንጣፍ አንጣፊዎቹ

ጠጋ በሉ ወገኖቼ፤ ወጉ አጭር ነው፣ ግን እየተቻኮሉ የሚያወሩት አይደለም።

የመርካቶውን እህል በረንዳ የማያውቅ ካለ ከአውቶቡስ ተራ ይከተለኝ። ወሩ ጥር ነው፤ የማለዳው ብርድ ጆሮ ይቆነጥጣል፤ ሌሊቱን ከጎጃምና ከአርሲ ሲጓዙ ያደሩት አይሱዙዎች ተደርድረው ቆመዋል፤ ከዚያ ጫኝና አውራጁ ኩንታሉን ትከሻው ላይ ጥሎ «ዞር በሉ!» እያለ ይመጣል፤ ከዚያ ደላላው ጤፉን ቆንጠር አድርጎ መዳፉ ላይ ይበትነውና እፍ ብሎ ያየዋል፤ ከዚያም ፀሐይ ወጣ ስትል የፈሰሰውን እህል እናቶች ጠርገው ማበጠር ይጀምራሉ። ልጅም በዚህ መሐል ያድጋል። የት ይጫወታል? አይሱዙው ሲሄድ፣ አይሱዙው በቆመበት። ሁለት ድንጋይ ጎል ይሆናል፣ የካልሲ ኳስ ትመጣለች፣ ቀጣዩ መኪና እስኪገባ ዋንጫ ይበላል። ሴቶቹ ልጆች ግን ከዳር ቆመው ያያሉ፤ ይህንንም ሳልናገር አላልፍም።

የመርካቶን ቀጥ ያሉ መንገዶች ያሰመራቸው ወራሪው ጣሊያን ነው፤ ገበያውን ከአራዳ ጊዮርጊስ ነቅሎ ወደዚህ ሲያመጣው የጠየቀው ሰው የለም፤ ወራሪ ነውና ከሱ ምን ይጠበቃል? የራሳችን ሰዎች ግን ከዚያ ወዲህ ስንቱን ፕላን ዘርግተው፣ ነጋዴው አክሲዮን መሥርቶ ፎቅ ይሥራ ብለው፣ ባለሱቁን ሰብስበው ሲያወያዩ፣ ያንን የካልሲ ኳስ ያቀፈ ልጅ «አንተስ ምን ትላለህ?» ያለው ማን ነበር?

ልጆቹ ታዲያ ጥሪ አልጠበቁም። ጥምቀት ሲቃረብ የሰፈሩ ወጣቶች ደብተርና እስክሪብቶ ይዘው ከሱቅ ሱቅ ይዞራሉ፤ አንዱ መቶ ብር፣ አንዱ ገመድ፣ አንዱ ደግሞ ምርቃት ብቻ ይሰጣቸዋል፤ ከዚያ በከተራ ዋዜማ የመጨረሻው መኪና ሲወጣ መጥረጊያ ይነሳል፣ አቧራው ላይ ውኃ ይረጫል፣ ሰንደቅ ዓላማው ከምሰሶ ምሰሶ ይወጠራል፤ ከዚያ ቆም ብለው ይመካከራሉ፦ መኪና እስከ የት ይግባ፣ አሮጊቶቹ የት ጥላ ሥር ይቀመጡ፣ የመጠጥ ውኃው በየት በኩል ይቅረብ፣ ሰው በሚጨናነቅበት ጠባብ ቦታ ማን ይቁም። በማግስቱ ታቦቱ ሲወጣ ቀዩን ምንጣፍ ከፊት ያነጥፋሉ፣ ካህናቱ ሲያልፉ ከኋላ ይጠቀልላሉ፣ ተሸክመው ወደ ፊት ይሮጣሉ፣ ደግሞ ያነጥፋሉ፤ ሴቶቹም ልጆች ያን ቀን ከዳር አይቆሙም፣ ቄጤማውን የሚጎዘጉዙት እነሱ ናቸው። መርካቶ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና አንዋር መስጊድ ጎን ለጎን የቆሙበት ሰፈር ነውና፣ የሙስሊሙን ልጅ መጥረጊያ ይዞ ብታገኙት አትደነቁ፤ በዒድ ደግሞ ተራው ይገለበጣል። ይህ የልጆቹ መመካከርና ማንጠፍ ከአርክቴክት ሥራ በምን ያንሳል?

መንገድን ከመኪና ወስዶ ለሰው መስጠት የእኛ ልጆች ብቻ ሥራ አይደለም፤ እስቲ ደግሞ ራቅ እንበል። በኮሎምቢያዋ ቦጎታ እ.ኤ.አ. በ1974 ብስክሌት ወዳዶች አንድ ቀን መንገዱን ከመኪና ወስደው የራሳቸው አደረጉት፤ ከጊዜ በኋላም ነገሩ የእሑድ ልማድ ሆነ፤ ከዚያ ሐሳቡ አገር ላገር ሲዞር ቆየና ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. እኛም ዘንድ «መንገድ ለሰው» ተብሎ ጎዳና ተዘጋ፣ ልጆችም አስፋልት ላይ ኳስ አንከባለሉ። ዓመት ቆይቶ፣ ታኅሣሥ 1 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ዩኔስኮ ጥምቀታችንን በማይዳሰስ የሰው ልጅ ቅርስነት ሲመዘግብ ጉባኤው የተቀመጠው የት ይመስላችኋል? እዚያው ቦጎታ! አጋጣሚ ነው ትሉኝ ይሆናል፤ እኔ ግን ደስ ብሎኛል።

ወደ ሰፈራችን እንመለስ፤ አርክቴክቶች የሚማሩበት፣ እ.ኤ.አ. በ1954 በስዊድኖች እርዳታ የተቋቋመው የልደታው ሕንፃ ኮሌጅ ከእህል በረንዳ ሩቅ አይደለም፤ ባቡሩ ከአውቶቡስ ተራ ተነስቶ ሰባተኛን፣ አብነትንና ዳርማርን ካለፈ ልደታ ነው። ስለዚህ እናንት ተማሪዎች፣ እናንትም የከተማ ፕላን ሹማምንት፣ ሜትራችሁን ይዛችሁ ስትመጡ በሥራ ሰዓት ብቻ አትምጡ፤ በከተራ ዋዜማ ማታ ኑ፣ መጥረጊያ የያዙትን ልጆች ፈልጉ፣ ወረቀታችሁን እነሱ ፊት ዘርጉት፣ ሴቶቹንም ልጆች የት መጫወት እንደሚፈልጉ ጠይቋቸው። ከተራ ጥር 10 ነው።