አንዲ ፕሪዮ

አንዲ ፕሪዮ (ሙሉ ስሙ አንድሩ ግራሃም ፕሪዮ) ከገርንዚ ደሴት የተገኘ ብሪታንያዊ የመኪና እሽቅድምድም ተወዳዳሪ ነው። በቱሪንግ መኪና ውድድር በ2004 የአውሮፓ፣ በ2005፣ በ2006 እና በ2007 ደግሞ በተከታታይ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት በስፖርት መኪኖች የረጅም ሰዓት ውድድር ላይ ተሳትፏል። የቤተሰቡ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ በመጨረሻው ላይ የማይነበቡ ፊደላት አሉት፤ ትክክለኛ አነባበቡ «ፕሪዮ» ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቱሪንግ መኪና የሚባለው ለሕዝብ ከሚሸጥ ተራ የቤት መኪና ተነስቶ ለውድድር የተሠራ ነው። ከውጭ ሲታይ መንገድ ላይ የምናየውን ቢኤምደብሊው ወይም ሆንዳ ይመስላል፤ ውስጡ ግን የሾፌሩ ወንበርና የብረት መከላከያ ብቻ ቀርቶ ባዶ ነው። እንደ ፎርሙላ ዋን ጎማቸው ወደ ውጭ የወጣ ስላልሆነ ተወዳዳሪዎቹ እየተገፋፉና እየተነካኩ ይነዳሉ።

የዳገት ውድድር

ገርንዚ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ባለው ባሕር ላይ የምትገኝ ደሴት ናት። የብሪታንያ ዘውድ ግዛት ብትሆንም የዩናይትድ ኪንግደም አካል አይደለችም፤ የራሷ ምክር ቤት አላት። ስፋቷ 65 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ጣና ሐይቅ ላይ ብትቀመጥ ከ40 ጊዜ በላይ ትገባለች። እንዲህ ባለ ቦታ ትልቅ የመኪና መወዳደሪያ ሜዳ ሊኖር አይችልም። ያለው የዳገት ውድድር ነው፤ የፕሪዮ አባትም በዚሁ ውድድር ይሳተፍ ነበር።

በዳገት ውድድር መኪኖች አብረው አይነሱም። እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ጠመዝማዛውን ዳገት ብቻውን ወጥቶ ሰዓቱ ይመዘገባል፤ ሙከራው በአብዛኛው ከአንድ ደቂቃ ብዙ አይበልጥም። ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን የአባይን በረሃ በአውቶቡስ የወጣ ሰው መንገዱን በዓይነ ሕሊናው ሊስለው ይችላል፤ ልዩነቱ እዚያ ለጭነት መኪና ቆሞ መጠበቅ የለም። አንድ መታጠፊያ ላይ የተሳሳተ ሰው ስህተቱን የሚያርምበት ሌላ ዙር አያገኝም። ፕሪዮ በዚህ ስልት በ1995 የብሪታንያ የዳገት ውድድር ሻምፒዮን ሆነ።

ቤት ሸጦ መወዳደር

ከዳገት ወደ ሜዳ ውድድር መሸጋገር ግን ገንዘብ ይጠይቅ ነበር። በአውሮፓ የመኪና ውድድር ታችኛው ደረጃ ላይ ቡድኑ ለተወዳዳሪው አይከፍልም፤ ተወዳዳሪው ነው ለቡድኑ የሚከፍለው። ሀብታም ቤተሰብ ወይም ስፖንሰር የሌለው ወጣት ችሎታ ቢኖረውም ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይቀራል። ፕሪዮና ባለቤቱ ቤታቸውን ሸጠው በሲልቨርስቶን መወዳደሪያ ሜዳ አጠገብ በመኪና በሚጎተት ቤት ውስጥ ኖረዋል። ውጤቱ ዘግይቶ ስለመጣ ውሳኔው ለዓመታት ስህተት መስሎ ሊታይ ይችል ነበር።

በ1999 የብሪታንያን የሬኖ ስፓይደር ሻምፒዮና በሰፊ የበላይነት አሸነፈ። ቀጥሎ ወደ ብሪታንያ ፎርሙላ 3 ገባ። ፎርሙላ 3 በዚያን ጊዜ የፎርሙላ ዋን መሰላል ነበር፤ እሱ ግን በዕድሜ ከተፎካካሪዎቹ ይበልጥ ስለነበር መሰላሉን እስከ ላይ የመውጣት ዕድሉ ጠባብ ነበር። በ2001 በብሪታንያ የቱሪንግ መኪና ሻምፒዮና በኦልተን ፓርክ በእንግድነት ቮክስሆል ነድቶ የፊተኛውን መነሻ ቦታ ያዘ። በሚቀጥለው ዓመት ሆንዳ ሙሉ ተወዳዳሪ አድርጎ ሲቪክ ሰጠው፤ በስኮትላንድ ኖክሂል ሜዳም አሸነፈ።

ቢኤምደብሊው እና ሦስቱ ሙለሮች

በ2003 ፕሪዮ ወደ አውሮፓ የቱሪንግ መኪና ሻምፒዮና ተሻገረ። ቢኤምደብሊው በዚያ ውድድር መኪኖቹን በአገር ስም ይከፋፍል ነበር፤ የጀርመን ቡድን፣ የጣሊያንና ስፔን ቡድን፣ የብሪታንያ ቡድን እያለ። የብሪታንያ የተባለውን ቡድን የሚያንቀሳቅሰው ግን አርቢኤም የተባለ የቤልጅየም ድርጅት ነበር። የቤልጅየም መካኒኮች፣ የጀርመን መኪና፣ የገርንዚ ሾፌር፤ ከላይ የብሪታንያ ባንዲራ።

በመጀመሪያው ዓመት ሦስተኛ ወጣ። በ2004 ውድድሩ እስከ መጨረሻው ሜዳ፣ እስከ ዱባይ ድረስ ተጓተተ። ዘመኑ ሲያልቅ ፕሪዮና በጀርመን ቡድን ሥር ቢኤምደብሊው የሚነዳው ዲርክ ሙለር በነጥብ እኩል ሆኑ። ደንቡ በእንዲህ ያለ ጊዜ የድል ብዛትን ስለሚቆጥር ዋንጫው ለፕሪዮ ሆነ።

በ2005 ሻምፒዮናው ወደ ዓለም ሻምፒዮናነት ተለወጠ። የቱሪንግ መኪና የዓለም ሻምፒዮና ከዚያ በፊት የተካሄደው አንድ ጊዜ ብቻ፣ በ1987 ነበር፤ ያኔ ያሸነፈው ጣሊያናዊው ሮቤርቶ ራቫሊያ በቢኤምደብሊው ነው። ፕሪዮም የአዲሱ ውድድር የመጀመሪያ ሻምፒዮን ሆነ፤ ሁለተኛ የወጣው እንደገና ዲርክ ሙለር ነበር።

ይህን ድል ለመረዳት የውድድሩን ደንብ ማወቅ ያስፈልጋል። በዚያን ጊዜ በአንድ ቀን ሁለት ውድድር ይደረግ ነበር፤ ነጥብ የሚያገኙት የመጀመሪያዎቹ ስምንት ሲሆኑ አንደኛው 10፣ ስምንተኛው 1 ይወስድ ነበር። በመጀመሪያው ውድድር እስከ ስምንተኛ የወጡት በሁለተኛው ላይ ተገልብጠው ይሰለፉ ነበር፤ አንደኛ የወጣው ስምንተኛ፣ ስምንተኛ የወጣው ደግሞ ፊት ይሆን ነበር። ከዚህ በላይ ጥሩ ውጤት ያመጣ መኪና ለሚቀጥለው ሜዳ ተጨማሪ ክብደት ይጫንበት ነበር። ደንቡ ሆን ተብሎ አንድ ሰው ደጋግሞ እንዳያሸንፍ የተሠራ ነበር። እንዲህ ባለ ውድድር ሦስት ጊዜ በተከታታይ ሻምፒዮን መሆን በፍጥነት ብቻ የሚሆን አይደለም፤ ክብደት በተጫነበት ቀን አምስተኛ ወጥቶ አራት ነጥብ መያዝን የሚያውቅ ሾፌር ይፈልጋል። ፕሪዮ ከብዙዎቹ ተፎካካሪዎቹ የሚለየው በዚህ ነበር።

ማካው

የዓለም ሻምፒዮናው ዘመን የሚዘጋው በማካው ከተማ፣ በጊያ ሜዳ ላይ ነበር። ይህ ከ6 ኪሎ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ የከተማ መንገድ ሲሆን ግራና ቀኙ በብረት አጥር የታጠረ ነው። ግማሹ ሰፊና ፈጣን፣ ሌላው ግማሽ ኮረብታ ላይ የሚጠማዘዝ ጠባብ መንገድ ነው። አንድ መኪና ከተጋጨ ከኋላው ያሉት ብዙ ጊዜ መሹለኪያ ያጣሉ። የዳገት ውድድር ልጅ ለሆነው ፕሪዮ ግን ሜዳው እንግዳ አልነበረም ማለት ይቻላል።

በ2006 ወደ ማካው ሲገቡ ዋንጫውን የማንሳት ዕድል ያላቸው ተወዳዳሪዎች በርካታ ነበሩ። ፕሪዮ የመጀመሪያውን ውድድር አሸነፈ፤ ሁለተኛውን ዮርግ ሙለር ወሰደው። ድምሩ ሲወጣ ፕሪዮ 73፣ ሙለር 72 ሆኑ።

የ2007ቱ ከዚህም የባሰ ነበር። ፕሪዮና ሲያት የሚነዳው ፈረንሳዊው ኢቫን ሙለር በእኩል 81 ነጥብ ማካው ደረሱ። (ዲርክ፣ ዮርግና ኢቫን በስም እንጂ በዝምድና አይገናኙም፤ የፕሪዮን ዋንጫ በአራቱም ዓመታት የተፎካከረው ሰው ግን ሙለር የሚባል መሆኑ ይገርማል።) በመጀመሪያው ውድድር ሙለር እየመራ የመጨረሻው ዙር ላይ የነዳጅ ፓምፑ ተበላሸበትና አሸናፊነቱ ለሼቭሮሌቱ አላን ሜኑ ሆነ። ፕሪዮ ስምንተኛ ሆኖ አንድ ነጥብ አገኘ። ስምንተኛ በመሆኑም ለሁለተኛው ውድድር ፊት ተሰለፈ። የሁለተኛው ውድድር አነሳስ ከቆመበት ነበር፤ በዚህ ጊዜ ሞተሩ የኋላ ጎማን የሚያሽከረክረው ቢኤምደብሊው የፊት ጎማን ከሚያሽከረክሩት ይልቅ መንገዱን ቆንጥጦ ይነሳል። ፕሪዮ እንደመራ ጨርሶ 92 ነጥብ ይዞ ሻምፒዮን ሆነ።

ኢቫን ሙለር በሚቀጥለው ዓመት ዋንጫውን ወሰደ፤ በኋላም በአጠቃላይ አራት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ሦስት ጊዜ በተከታታይ በማሸነፍ ፕሪዮን ያስተካከለው አርጀንቲናዊው ሆሴ ማሪያ ሎፔዝ ሲሆን እሱም ከ2014 እስከ 2016 ነው። ፕሪዮ በ2008 ከብሪታንያ መንግሥት ኤምቢኢ የተባለውን ኒሻን ተቀብሏል። በፎርሙላ ዋን የዊሊያምስን መኪና ለሙከራ ቢነዳም በዚያ ደረጃ ተወዳድሮ አያውቅም።

የስፖርት መኪና ዘመን

በረጅም ሰዓት ውድድር አንድን መኪና ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት ሾፌሮች ይፈራረቁበታል። ፕሪዮ በ2005 ከፔድሮ ላሚ፣ ከቦሪስ ሴድና ከደንከን ሁይስማን ጋር በቢኤምደብሊው ኤም 3 የኑርበርግሪንግን የ24 ሰዓት ውድድር አሸንፏል። በ2010 በለ ማን ሠዓሊው ጄፍ ኩንስ በቀለማት ያስዋበውን ኤም 3 ከዲርክ ሙለር (ከቀድሞው ተቀናቃኙ) እና ከዲርክ ቬርነር ጋር ነዳ፤ መኪናው ብዙ ፎቶ ቢነሳም ውድድሩን አልጨረሰም። በ2011 ከዲርክ ሙለርና ከጆይ ሃንድ ጋር በአሜሪካ የሴብሪንግን የ12 ሰዓት ውድድር በምድባቸው አሸነፉ፤ በዚያው ዓመት በለ ማን በምድባቸው ሦስተኛ ወጡ።

በ2012 እና በ2013 በጀርመኑ ዲቲኤም ተወዳደረ፤ ያ ዘመን አልሰመረለትም። በ2014 በአሜሪካ፣ በ2015 ደግሞ ከ13 ዓመት በኋላ ተመልሶ በብሪታንያ ሻምፒዮና ነድቷል። በ2015 መጨረሻ ከጄሰን ፕላቶ ጋር ለንደን ላይ በሬስ ኦፍ ቻምፒየንስ የአገሮችን ዋንጫ ለእንግሊዝ አነሳ።

ፎርድ በ2016 የ1966ቱን የለ ማን ድሉን 50ኛ ዓመት ምክንያት አድርጎ ሲመለስ ፕሪዮ ለረጅም ጊዜ ከኖረበት ቢኤምደብሊው ወጥቶ ፎርድ ጂቲ ውስጥ ገባ። ከሃሪ ቲንክኔል ጋር በዚያው ዓመት በፉጂና በሻንግሃይ በምድባቸው አሸነፉ። በ2017 በለ ማን ደግሞ ሁለቱ ከብራዚላዊው ፒፖ ደራኒ ጋር በምድባቸው ሁለተኛ ወጡ፤ ቦታውን ያገኙት ከፊታቸው የነበረው ኮርቬት በመጨረሻው ዙር ጎማው ተጎድቶ ሲያዘግም ነው።

በ2019 ወደ ቱሪንግ መኪና ተመልሶ በሊንክ ኤንድ ኮ መኪና ተወዳደረ። የዘመኑ አብዛኛው ክፍል ከበደው፤ ቡድኑ ማካው ሲደርስ ግን የዕለቱን የመጨረሻ ውድድር አሸነፈ። ልጁ ሴባስቲያን ፕሪዮም ተወዳዳሪ ሲሆን በ2021 የሰሜን አሜሪካ የፖርሽ ካሬራ ካፕ ሻምፒዮን ሆኗል።