የመካኒሳ አረቄና የተወገዘው ዕፅ

መንግሥት ራሱ አረቄ እያወጣ በሚሸጥበት አገር ካናቢስ የሚባለው ዕፅ ስለ ምን በሕግ ተወገዘ ብሎ የሚጠይቅ ሰው፣ በመካኒሳ ካለው የብሔራዊ አልኮልና አረቄ ፋብሪካ ቅርንጫፍ ደጃፍ ቆሞ ቢያሰላስል መልካም ነው። አረቄ ከአበው ዘመን ጀምሮ ከድግስ ያልተለየ ልማድ ስለ ሆነ ሕግ አውጪው ሊገድበው እንጂ ሊያጠፋው አልደፈረም፤ ካናቢስ ግን፣ ሻሸመኔ ከሰፈሩት ራስ ተፈሪያውያን ብዙዎቹ እንደ ቅዱስ ዕፅ ቢያከብሩትም፣ በሕዝቡ ማዕድ ሥፍራ ስላልነበረው ጠበቃ አላገኘም። በ1953 ዓ.ም. በኒውዮርክ የተፈረመው ዓለም አቀፍ ስምምነት ከኦፒየም ጋር ደመረው፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችንም በአንቀጽ 525 አጸናበት። በ2013 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽን ለመድኃኒትነቱ ሲል ከስምምነቱ እጅግ ጥብቅ ሠንጠረዥ አውጥቶታል። እኔ ግን ይፈቀድ ከመባሉ በፊት፣ አረቄው ካስገባው ግብር አንጻር የሰካራሙ ቤተ ሰብ የከፈለው ይቆጠር እላለሁ።