መምህርን ማን ያስተምረው?

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላል ያገራችን ተረት። ይህ የተነገረው ሳይማር ለሚጠመጥም ሰው ነው። ነገር ግን ተምሮ የጠመጠመውን ሰው፣ ያወቀውን ለሌላው የማሳወቅን ጥበብ ማን ያስተምረዋል? ማወቅና ማስተማር ሁለት ልዩ ልዩ ሀብቶች ናቸውና፤ አንደኛውን የያዘ ሁሉ ሁለተኛውን ይዟል ማለት አይደለም። የጎንደርና የመተማ ታሪክ ይህን ነገር ያስረዳልና ጥቂት እንመልከተው።

በ1879 ዓ.ም. የጎጃም ጦር መተማን ወርሮ ነበር። በማግሥቱ ዓመት በጥር ወር 1880 ዓ.ም. ሐምዳን አቡ አንጃ የድርቡሽን ጦር እየመራ በመተማ በኩል ወጣ፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትንም ሳር ውኃ ላይ ድል አድርጎ ጎንደር ገባ። ከአብያተ ክርስቲያናቱ ብዙዎቹ ተቃጠሉ፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከተረፉት አንዷ ናት። ካህናቱም አንዳንዱ ተገደለ፣ አንዳንዱ ተማረከ፣ የቀረውም ተበተነ። ዐፄ ዮሐንስም መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ቈስለው ሕይወታቸው አለፈ። ከዚያ በፊት በ1859 ዓ.ም. ከተማዪቱ በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ተዘርፋና ተቃጥላ ስለ ነበረ፣ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ሁለት ጊዜ መጻሕፍቷን አጣች ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ትምህርቱ አልጠፋም። የአቋቋም ትምህርት ዛሬም በጎንደር በአታ ይመሰከራል። ስለ ምን አልጠፋም ቢሉ፣ ትምህርቱ የተጻፈው በብራና ብቻ ሳይሆን በመምህራን ልብ ስለ ሆነ ነው። መምህሩም በአንድ ቀን አልተፈጠረም። የቅኔ ተማሪ ገና ተማሪ ሳለ አስነጋሪ ሆኖ ታናናሾቹን ግሱንና አገባቡን ያስጠናል፤ ሲያስጠና ደግሞ መምህሩ ከቅርብ ሆኖ ይሰማዋል፣ ሲሳሳትም ያርመዋል። የዜማም ተማሪ ከእርሱ በታች ያለውን ያስቀጽላል። በመጨረሻም ወደ ታወቀው የምስክር ቦታ ሄዶ፣ ለድጓ ወደ ቤተ ልሔም፣ ለዝማሬና መዋሥዕት ወደ ዙር አምባ፣ በሊቃውንቱ ፊት ይመሰከርለታል። ከዚያም በኋላ ዳኛ አያጣም፤ ማስተማሩ የማይረባ እንደ ሆነ ተማሪው አኵፋዳውን አንሥቶ ወደ ሌላው መምህር ይሄዳልና። ይህ ሥርዓት ጉድለት የለበትም አንልም፤ በትሩ የበዛ፣ ዓመቱ የረዘመ፣ ተማሪውንም በልመና ያንከራተተ ነበረ። ነገር ግን ማስተማርን ራሱን በማስተማር ከብዙዎች አዲሶች ትምህርት ቤቶች ይቀድማል።

በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ከዚያ አስቀድሞ በደንቢያ ወባ ተነሥታ ብዙ ሕዝብ ፈጅታ ነበርና፣ ኮሌጁ የጤና መኰንኖችን፣ የሕዝብ ጤና ነርሶችንና የአካባቢ ጽዳት ባለሙያዎችን ለገጠሩ ሕዝብ ሊያወጣ ተመሠረተ። መልካሙ ነገር፣ ሦስቱ ወገኖች በአንድነት እየሆኑ ወደ ጤና ጣቢያ ተልከው ሥራውን በሥራው ላይ እንዲማሩት መደረጉ ነው። መምህሩም አብሮ ሲወጣ ያስተማረው ነገር እንደ ሠራ ወይም እንዳልሠራ በዓይኑ ያያል።

የዚህ ጥቅም በመተማ ቆላ ይታወቃል። በየዓመቱ ብዙ ሺሕ ደገኞች ለሰሊጥና ለጥጥ ሥራ ወደዚያ ይወርዳሉ። ጥቁሩ መሬት በሚሰነጠቅበትና ግራር በሚበዛበት ስፍራ በሜዳ ሲያድሩ፣ አንዲት ትንሽ የአሸዋ ዝንብ ነድፋ ካላዛር የሚባለውን በሽታ ታስይዛቸዋለች። ትኵሳቱ ይረዝማል፣ ሰውነት ይከሳል፣ ጣፊያ ያብጣል፤ ያልታከመም ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል። በሽታው በመጀመሪያው ወባ ይመስላል። እንግዲህ ተማሪው የካላዛርን ምልክት ከደብተሩ ላይ ገልብጦ ለፈተና ብቻ አጥንቶት ከሆነ፣ በገንዳ ውኃ ወይም በመተማ ጤና ጣቢያ በተቀመጠ ጊዜ የወባ መድኃኒት ሰጥቶ በሽተኛውን ያሰናብታል። መምህሩ ግን የተማሪውን እጅ ይዞ በበሽተኛው ሆድ ላይ ጣፊያውን አስዳስሶት ከሆነ፣ ያ እጅ አይረሳም። የማስተማር ጉድለት የሰው ነፍስ ያስከፍላል የምንለው ስለዚህ ነው።

በኢትዮጵያ የዩኒቨርሲቲዎች ቍጥር ከጥቂቶች ተነሥቶ በሃያ ዓመት ውስጥ ከአርባ በላይ ሲደርስ፣ ትናንት ተመርቆ ዛሬ የሚያስተምር ወጣት በዛ። ሰው ያልተማረውን መንገድ ስለማያውቅ፣ እርሱ ራሱ እንደ ተነገረው እንዲሁ ይናገራል፤ ተማሪውም ይጽፋል። ይህን አይቶ የትምህርት ሚኒስቴር ከ1996 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ለመምህራን አሠልጣኞች የከፍተኛ ዲፕሎማ ትምህርት አቆመ፤ ኋላም ወደ ሌሎቹ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ተስፋፋ። መምህሩ ሥራውን ሳይተው አንድ ዓመት ይማራል፤ ተማሪውን አሳታፊ የሆነውን አስተማመር ይለማመዳል፣ የራሱን ሥራ መልሶ እየመረመረ ይጽፋል፣ በክፍሉም ሲያስተምር ይታያል።

አሳቡ መልካም ነው። የሚያሠጋው ግን ወረቀቱ ከተገኘ በኋላ የክፍሉ በር ተመልሶ እንዳይዘጋ ነው። አስነጋሪው ባደባባይ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ሁሉ እየሰማው ያስተምር ነበር፤ የዛሬው መምህር ግን በአራት ግድግዳ ውስጥ ብቻውን ነው፤ ቢሳሳት የሚነግረው ባልንጀራ የለውም፤ ተማሪውም ትቶት ወደ ሌላ ለመሄድ አይችልም። ስለዚህ አንድ መምህር በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ በባልንጀራው ክፍል ተቀምጦ ቢሰማ፣ ያየውንም ለአለቃ ክስ ሳይሆን ለወንድሙ ምክር አድርጎ ቢናገር፣ ያለ ብዙ ወጪ ትልቅ ሥራ ይሠራል። ዩኒቨርሲቲውም ለዚህ የሚሆን ጊዜ ከመምህሩ የሥራ ሸክም ላይ ሊቀንስለት ይገባል፤ ጊዜ ያልተሰጠው ምክር ቃል ብቻ ሆኖ ይቀራልና።

አንባቢ ሆይ፣ እሳት ብራናውን በፈጀው ጊዜ ጎንደርን ያተረፏት አስቀድመው መምህር ሊሆኑ የተማሩ ሰዎች ናቸው። ሕንፃና መጽሐፍ መጨመር የሚመሰገን ነው፤ መምህሩን ሳያስተምሩ ሕንፃ መጨመር ግን ራሱን ሳያዘጋጁ ጥምጥም ማብዛት ነው።