ከአናት በላይ ያለው ድምፅ

ቨርጂኒያ ውስጥ የቤት ሲኒማ ስገጥም፣ የሚቀጥረኝ ሰው ሁሉ አምስቱን ስፒከሮች ያለ ክርክር ይቀበላል። ሦስቱ ከፊት፣ ሁለቱ ከኋላ፣ የባሱ ሳጥን ጥግ ላይ፤ እስከዚህ ድረስ ሰላም ነው። ጭቅጭቁ የሚነሳው መሰላል ዘርግቼ ኮርኒሱ ላይ በእርሳስ ክብ ስሠራ ነው። «ደግሞ ከላይ ምን ሊያደርግልን? አዲስ የመሸጫ ዘዴ ነው እንጂ!» ይሉኛል። ያገሬ ሰው ከሆነ «አንተም ከነሱ ጋር ሆንክ?» ይጨምርበታል። አዲስ እንኳ አይደለም፤ ሐሳቡ ከብዙዎቹ ደንበኞቼ በዕድሜ ይበልጣል። ቤት ለመግባት ግን ከሁሉም የዘገየ እሱ ነው። የዘገየበትን ምክንያት መሰላል ላይ ቆሜ ተናግሬ ስለማልጨርሰው እዚህ ልጻፈው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው ከግራና ከቀኝ ነው። የእንግሊዙ የኢኤምአይ ኩባንያ መሐንዲስ አለን ብሉምላይን ሲኒማ ቤት ተቀምጦ፣ ተዋናዩ በሸራው አንድ ጫፍ ሲሄድ ድምፁ ከሌላ ጫፍ መምጣቱ አናደደው ይባላል። በ1931 መጨረሻ ለስቴሪዮ የፈጠራ መብት ጠየቀ። ከዚያ ወዲህ ለረጅም ጊዜ ሁሉም የሚጨነቀው ለሸራው ነበር። ዋልት ዲዝኒ በ1940 «ፋንታሲያ» የተባለውን ፊልሙን ኒውዮርክ ሲያሳይ ስቶኮቭስኪ የመራውን ኦርኬስትራ ከግራ፣ ከመሃልና ከቀኝ አሰማው፤ መሣሪያው ግን ውድ ነበር፣ የሁለተኛው የዓለም ጦርነትም ተጨመረበትና አልተስፋፋም። በ1953 ሲኒማስኮፕ በሚባለው ሰፊ ሸራ የወጣው «ዘ ሮብ» ደግሞ ፊልሙ ላይ በተለበጠ ማግኔት አራት የድምፅ መስመር ይዞ መጣ። አራተኛው ተመልካቹን ከብበው ለተሰቀሉት ስፒከሮች ነበር። ይህ መስመር ቀጭን ስለሆነ ሺሺ የሚለው ድምፁ ያስቸግራል፤ ስለዚህ 12 ሺህ ኸርዝ የሆነ የምልክት ድምፅ አብሮ ተቀረጸበት፤ ምልክቱ ሲመጣ ስፒከሮቹ ይከፈታሉ፣ ሲቆም ይዘጋሉ። ያን ያሰበ ሰው እጁ ይባረክ።

በ1979 የኮፖላ ፊልም «አፖካሊፕስ ናው» መጣ። የድምፅ ባለሙያው ዋልተር መርች የኋላውን ድምፅ ግራና ቀኝ ለይቶ የፊልሙን ሄሊኮፕተር አዳራሹን አዞረው። ዛሬ አምስት ነጥብ አንድ የምንለው አቀማመጥ የዚያ ልጅ ነው። ልብ በሉ ታዲያ፤ ሄሊኮፕተሩ የሚዞረው ስፒከሮቹ በተሰቀሉበት በግድግዳው ዙሪያ ነው። በአናታችን ላይ ማለፍ የሚገባው ነገር በጎናችን ይሽከረከራል፤ ተመልካቹ ግን አፉን ከፍቶ ወጣ እንጂ የጎደለው ነገር አልታየውም።

ያልታየው ጆሯችን ጎን ለጎን ስለተፈጠረ ነው። ከቀኝ የመጣ ድምፅ ቀኝ ጆሮ ላይ ቀድሞ ይደርሳል፤ ልዩነቱ ቢበዛ ከአንድ ሺኛ ሰከንድ ያነሰ ቢሆንም ለአንጎል ይበቃዋል። በትክክል ከፊት፣ ከአናት ወይም ከኋላ የመጣው ግን ሁለቱ ጆሮ ላይ እኩል ይደርሳል። ያኔ ዳኛው የጆሮ እጥፋት ነው፤ ቀጫጭኖቹን ድምፆች አንዱን ቀንሶ ሌላውን አጉልቶ ከፍታውን ይነግረናል። ጀርመናዊው ተመራማሪ የንስ ብላውርት፣ 8 ሺህ ኸርዝ አካባቢ ያለ ድምፅ ከፊትም ከኋላም ቢለቀቅ ሰሚው ከአናቱ እንደመጣ አድርጎ እንደሚወስደው አሳይቷል። በ1998 ደግሞ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች አራት ሰዎችን የጆሯቸው እጥፋት ውስጥ ቅርጹን የሚለውጥ መሙያ አድርገው ሞከሯቸው። ግራና ቀኙን እንደወትሮው ለዩ፤ ላይና ታቹ ግን ጠፋባቸው። ሳምንታት ፈጅቶባቸው በአዲሱ ጆሮ መስማት ለመዱ፤ መሙያው ሲወጣም የድሮውን አልረሱትም ነበር። የኮርኒስ ስፒከር ርካሹን አትግዙ የምለው ለዚህ ነው። ቀጭኑን ድምፅ ካፈነ ጆሮ የሚመራበት ምልክት አብሮ ይሞታል።

ወደ ላይ ቀድመው የወጡት ሲኒማ ሠሪዎች ሳይሆኑ የሙዚቃ ሰዎች ናቸው። በ1958 የብራስልስ ኤግዚቢሽን ላይ የፊሊፕስ ኩባንያ አርክቴክቱን ሌ ኮርቡዚዬን አንድ ድንኳን መሰል ሕንፃ አሠራ፤ ቅርጹን ያወጣው አብሮት የሚሠራው ዜናኪስ ነበር። ግድግዳው እየተጠመዘዘ ወጥቶ ራሱ ጣሪያ ይሆናል፤ የት ላይ አልቆ የት እንደሚጀምር አይለይም። እዚያ ላይ ከ300 በላይ ስፒከሮች ተደረደሩ፤ የአቀናባሪው ቫሬዝ ስምንት ደቂቃ ሙዚቃ በነሱ ላይ ተራ በተራ እየተንሸራተተ በሰው አናት ላይ ያልፍ ነበር። በዓመቱ አፈረሱት። በ1970 በኦሳካው ኤግዚቢሽን ላይ ጀርመኖች ክብ እንደ ኳስ የሆነ አዳራሽ ሠሩ፤ አድማጩ ድምፅ በሚያሳልፍ ወለል ላይ ይቀመጣል፣ የሽቶክሃውዘን ሙዚቃ ከላይም ከዙሪያም ከእግሩ ሥርም ይመጣል። ኦክስፎርድ ውስጥ ደግሞ የሒሳብ ሰው የነበረው ማይክል ገርዞን በ1973 ከፍታን ጨምሮ ድምፅ ስለመቅረጽ ጻፈ። እነዚህ ሰዎች ድምፁን የሚያስሩበት ተዋናይ አልነበራቸውም፤ ሕንፃውም ለድምፁ ሲባል የተሠራ ነበር። ሳሎን ግን ለሶፋ ነው የሚሠራው።

በቤት በኩል ያለው ታሪክ አጭር ነው። የድምፅ ቴክኖሎጂ ኩባንያው ዶልቢ በ2009 ፕሮ ሎጂክ ቱ ዜድ የሚባለውን አወጣ፤ ከፊት ግራና ቀኝ ስፒከሮች በላይ ሁለት ይሰቀላሉ። ዲስኩ ላይ የከፍታ ድምፅ ስለሌለ ማሽኑ ዝናቡንና ነፋሱን በግምት እያነፈሰ ወደ ላይ ይልካል። ግምት ግምት ነው፤ አንዳንዴ ይሳካል። በሲኒማ ቤት በኩል ደግሞ በ2012 መጀመሪያ ኦሮ የሚባለው የቤልጂግ የከፍታ ድምፅ ዘዴ በ«ሬድ ቴይልስ» ፊልም ቀደመ፤ በዚያው ዓመት በሰኔ ዶልቢ አትሞስን ከ«ብሬቭ» ጋር ሎስ አንጀለስ አሳየ። ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ ቀራጩ «ይህ ድምፅ ለኋላ ግራ ስፒከር» ማለቱን ትቶ «ይህ ድምፅ ክፍሉ ውስጥ እዚህ ቦታ ላይ ነው» ማለት ቻለ። ስንት ስፒከር እንዳለህ ቆጥሮ የሚያከፋፍለው ማሽኑ ነው። በሲኒማ ቤት እስከ 64 መስመር ይደርሳል። በ2014 ቤት ሲገባ ሰባት ነጥብ አንድ ነጥብ አራት የሚባለው አጠራር አብሮ ገባ፤ የመጨረሻው አሃዝ ከላይ ያሉትን ይቆጥራል።

የኔ ሥራ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። እዚህ አገር የኮርኒሱ ተሸካሚ እንጨቶች ብዙውን ጊዜ በ16 ኢንች ርቀት ስለሚደረደሩ፣ ስፒከሩ የሚገባው እኔ በምፈልገው ቦታ ሳይሆን እንጨቱ በሚፈቅድልኝ ነው። ጂፕሰሙን ስቆርጥ ነጭ አቧራው አንገቴ ሥር ይገባል፤ ፋይበርግላሱ ደግሞ እስከ ማታ ያሳክካል። አራት ከሆኑ ሁለቱን ከተቀመጠው ሰው ፊት፣ ሁለቱን ከኋላው አድርጌ አዘምማቸዋለሁ። መቁረጥ የማይወድ ሰው ከታች ተቀምጦ ድምፁን ወደ ኮርኒሱ ተኩሶ የሚያስመልሰውን ይገዛል፤ ኮርኒሱ ዝርግና ጠንካራ ከሆነ ያስኬዳል። የአንዳንድ ቤት ኮርኒስ ግን እንደ ጎጆ ክዳን ወደ ላይ የሾለ ነው፤ ድምፁ ተመልሶ የሚመጣው ወደ ሰውየው ሳይሆን ወደ መስኮቱ ነው።

«አፖካሊፕስ ናው» በ2019 «ፋይናል ከት» በሚል ስም ወጥቶ በአትሞስ ተቀናብሯል። ስለዚህ ሄሊኮፕተሩ ከ40 ዓመት በኋላ ወደ ቦታው ወጥቷል፤ ለሚያንገራግር ደንበኛም የማሰማው እሱን ነው። አንዷ እስከ መጨረሻው ሰምታ «ጥሩ ነው፤ ኮርኒሴ ግን አይቀደድም!» አለችኝ። ከፊት ስፒከሮቿ በላይ ግድግዳው ላይ ሁለት ሰቀልንላት፤ በ2009ኙ አቀማመጥ ተስማማን።