አንድ ጎራሽ፦ የነጠላ ጥይት መሣሪያና የዒላማ ተኩስ ታሪክ በኢትዮጵያ

አንድ ጎራሽ የሚባለው መሣሪያ፣ ጠመንጃም ሆነ ሽጉጥ፣ በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ጥይት የማይዝ፣ ከተተኮሰም በኋላ ባዶው ቀለህ ወጥቶ ሌላ ጥይት በእጅ እስኪጎርስ ድረስ የማይሠራ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ይህ ዓይነቱ መሣሪያ ከጦር ሜዳ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ቢሆነውም፣ ዒላማ መምታትን ሙያ ካደረጉ ስፖርተኞች እጅ ግን አልወጣም፤ ለእነርሱ ተብለው የሚሠሩ ልዩ አንድ ጎራሽ ሽጉጦችም አሉ። በኢትዮጵያ የነገሩ አመጣጥ ከዚህ ይለያል። አንድ ጎራሽ ወደ አገሪቱ የገባው ለጦርነት እንጂ ለጨዋታ ስላልነበረና ለረጅም ዘመንም የሠራዊቱ ዋነኛ መሣሪያ ሆኖ ስለቆየ፣ አነጣጥሮ መተኮስ በክለብና በዋንጫ ሳይሆን በጥይት እጥረት የተለመደ ሙያ ሆነ። በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባ ራሷ የመኳንንቱና የነፍጥ ያዥ ጭፍሮቻቸው ሰፈሮች ተጠጋግተው የፈጠሯት ከተማ ስትሆን፣ ዛሬ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ሥር ያለው የላፍቶ አካባቢ በዚያ ዘመን ከከተማዋ ውጭ የነበረ የእርሻና የግጦሽ አገር ነበር።

አንድ ጎራሽ ከመግባቱ በፊትም ቢሆን በኢትዮጵያ የታየው ጠመንጃ አብዛኛው ነጠላ ተኩስ ነበር። በ1533 ዓ.ም. በክሪስቶቫዎ ዳ ጋማ መሪነት የመጡት 400 ያህል ፖርቱጋሎች የያዙት ጠመንጃ በሚነድ ገመድ የሚለኮስ ነበር። በሸዋ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመንም ዲኝ፣ ጨው ባሩድና ከሰል ተቀላቅለው ባሩድ በአገር ውስጥ ይዘጋጅ ነበር። የእነዚህ መሣሪያዎች ጉድለት ባሩዱም እርሳሱም በአፈሙዝ በኩል ገብተው በዘንግ መጠቅጠቅ የሚያስፈልጋቸው መሆኑ ነው፤ ተኳሹ ለአንድ ተኩስ ቆሞ ብዙ ጊዜ ያጠፋል፣ የውስጡ ግድግዳ ልሙጥ ከሆነም እርሳሱ እየተንከባለለ ስለሚወጣ ከመቶ ክንድ በላይ ያለ ሰው መምታት ከችሎታ ይልቅ የዕድል ጉዳይ ይሆንበታል።

ይህን የለወጠው ከኋላ የሚጎርሰው ጠመንጃ ሲሆን፣ ኢትዮጵያውያን መጀመሪያ ያወቁት በጠላት እጅ ሆኖ ነው። የሰር ሮበርት ናፒየር ጦር ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ግርጌ፣ በአሮጌ ሜዳ፣ ከዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ጋር ሲገጥም እግረኛው የያዘው ስናይደር የተባለ አንድ ጎራሽ ነበር። ስናይደር ቀድሞ በአፈሙዙ ይጎርስ የነበረው የእንግሊዞች ጠመንጃ ከኋላው ተቆርጦ፣ ወደ ጎን የሚከፈት ክዳን ተገጥሞለት የታደሰ ነው። በዚያ ቀን ከንጉሠ ነገሥቱ ወገን ብዙ መቶ ሰው ሲወድቅ ከእንግሊዞች የቆሰሉት ሃያ ያህል ብቻ ነበሩ። ከሦስት ቀን በኋላ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ያጠፉበት ሽጉጥ፣ ቆንስል ካሜሮን በ1855 ዓ.ም. ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ ያመጣላቸው ነበር። ይህችው ንግሥት በ1852 ዓ.ም. የአገሯ የጠመንጃ ተኳሾች ማኅበር በዊምብልደን የመጀመሪያ ውድድሩን ሲከፍት፣ በማቆሚያ ላይ ተጠምዶ የተዘጋጀላትን ጠመንጃ ምላጭ በገመድ ስባ የመጀመሪያውን ጥይት ከዒላማው መካከል አጠገብ አሳርፋለች። የዒላማ ስፖርትና የመቅደላ ዘመቻ የአንድ ትውልድና የአንድ ኢንዱስትሪ ውጤቶች ናቸው ማለት ይቻላል።

ናፒየር ሲመለስ ለደጃዝማች ካሣ ምርጫ፣ በኋላ ለዐፄ ዮሐንስ አራተኛ፣ ጥቂት መድፎችና በመቶዎች የሚቆጠሩ ጠመንጃዎች ትቶ ሄደ። ከዚህ የሚበልጠው ግን በኅዳር 1868 ዓ.ም. በጉንደት፣ በዚያው ዓመት በመጋቢት ገደማ ደግሞ በጉራዕ ከግብጾች የተማረከው ነበር፤ የግብጽ ጦር የታጠቀው በጊዜው እጅግ የተመሰገነውን የአሜሪካኑን ሬሚንግተን ነበርና። የሬሚንግተን አሠራር በጣም ቀላል ነው። ተኳሹ መዶሻውን በአውራ ጣቱ ወደ ኋላ ይስባል፤ ቀጥሎ የአፈሙዙን ኋላ የሚዘጋውን ወፍራም ብረት ያንከባልላል፤ ይህን ጊዜ ባዶው ቀለህ ይወጣል፤ አዲሱን ጥይት በጣቱ ገፍቶ ብረቱን ወደ ቦታው ይመልሳል። ምላጩ ሲሳብ የሚወድቀው መዶሻ ከብረቱ ሥር ገብቶ እንደ ሽብልቅ ስለሚደግፈው፣ ባሩዱ ሲፈነዳ መዝጊያው ወደ ኋላ ሊሸሽ አይችልም። ዋና ዋናዎቹ ተንቀሳቃሽ ብረቶች ሁለት ብቻ ስለሆኑ አሸዋና ጭቃ እምብዛም አያስቸግረውም፤ አፈሙዙም ከአካሉ ጋር በጥብቅ የተያያዘ በመሆኑ ጥይቱ በተተኮሰ ቁጥር ወደ አንድ ሥፍራ ይሄዳል። አንድ ጎራሽ ለዒላማ የሚመረጥበት ምክንያት ዛሬም ይኸው ነው፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ባነሰ ቁጥር የሚዛባ ነገር ያንሳል።

ጉንደት ከመደረጉ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ መስከረም 1867 ዓ.ም. ውስጥ፣ በኒው ዮርክ አቅራቢያ በክሪድሙር ሜዳ ስድስት አሜሪካውያን ከስድስት አይሪሾች ጋር እስከ 1,000 ያርድ፣ ማለት ከ900 ሜትር በላይ ድረስ ተኩሰው ተወዳድረዋል። አይሪሾቹ በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ ሲይዙ አሜሪካውያኑ ከኋላ የሚጎርሱትን ሬሚንግተንና ሻርፕስ ይዘው 934 ለ931 አሸነፉ። ሬሚንግተን በዚሁ የሚንከባለል መዝጊያ አንድ ጎራሽ ሽጉጦችም ሠርቶ ነበር፤ መጀመሪያ ለወታደር ታስበው ቢወጡም በኋላ ለዒላማ ተኳሾች ተብለው የተሠሩት ናቸው ስም ያተረፉት። በክሪድሙር ድል ያስገኘው አሠራርና በጉንደትና በጉራዕ ከወደቁ ወታደሮች እጅ የተለቀመው አሠራር አንድ መሆኑን የታሪክ ጸሐፊዎቻችን እምብዛም አላነሡትም።

በሸዋ በኩል መሣሪያው የገባው በንግድና በስምምነት ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ 2,000 ያህል ጠመንጃ በግመል ጭኖ ከታጁራ ተነሥቶ በ1879 ዓ.ም. አንኮበር ሲደርስ፣ ንጉሥ ምኒልክ ከሐረር ዘመቻ ተመልሰው እንጦጦ ነበሩ፤ የዋጋው ነገር ለነጋዴው የሚያስደስት ሆኖ አላለቀም። ጣሊያኖችም በ1880 ዓ.ም. በተደረገ ውል 5,000 ሬሚንግተን ለመስጠት ቃል ገቡ። ከሁሉ የበዛው ግን ውጅግራ የተባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1874 የተቀበለችው ይህ ባለ 11 ሚሊ ሜትር አንድ ጎራሽ፣ እ.ኤ.አ. በ1886 ብዙ ጥይት የሚይዘው ለበል ሲተካው ከግምጃ ቤት እየወጣ በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ወደቦች በኩል ወደ ኢትዮጵያ ጎረፈ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ከተሰለፈው ሠራዊት ብዙው የያዘው እንዲህ ያለውን አንድ ጎራሽ ነበር፤ የጣሊያኖቹ ቬተርሊ በአንጻሩ አራት ጥይት የሚይዝ መጋዘን ተገጥሞለት የታደሰ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ በሺህ የሚቆጠር ቬተርሊ ስለተማረከ፣ የአገሩ ነፍጥ የብዙ አገር ፋብሪካዎች ድብልቅ ሆነ፤ የጥይቱ ዓይነት ብዛትም ከዚያ በኋላ ለነበሩ የጦር ሹማምንት የማያልቅ ራስ ምታት ሆኗል።

ዒላማ ተኩስን በሚመለከት ከሁሉ የበለጠ የሚያስረዳው ግን የጥይቱ ዋጋ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የውጅግራ ጥይት ከአሞሌ ጨውና ከማርያ ቴሬዛ ብር ጎን እንደ ዝርዝር ገንዘብ ገበያ ላይ ይገበያዩበት ነበር፤ ባዶ ቀለህም ዳግም በባሩድና በእርሳስ ተሞልቶ ሊያገለግል ስለሚችል አይጣልም ነበር። እንዲህ ባለ ዘመን ለልምምድ ብቻ ዒላማ አቁሞ መተኮስ ከኪስ ገንዘብ አውጥቶ እንደ መበተን ነው። ስለዚህ ባለ ነፍጡ ሙያውን የሚያሳየው በአደን፣ ዝሆንና ጎሽ በመጣል፣ ወይም በጦር ሜዳ ሲሆን፣ በግብር ላይ የሚያሰማው ፉከራም የተኮሰውን ጥይት ብዛት ሳይሆን የጣለውን የሚቆጥር ነው። በደስታና በለቅሶ ጥይት ወደ ሰማይ መተኮሱም ከዚህ ጋር አይጋጭም፤ የሚባክነው ነገር ውድ ስለሆነ ነው ክብር የሚያሳየው። አውሮፓውያን መንገደኞች ኢትዮጵያዊው ወታደር በቅርብ ካልሆነ አይተኩስም ሲሉ እንደ ጉድለት ቢያዩትም፣ ትክክለኛው ፍርድ ግን ይህ ቁጥብነት ከመሣሪያው ጠባይና ከጥይቱ ዋጋ የመነጨ ጥሩ ስሌት ነበር የሚለው ነው።

በመደበኛ ትምህርት መልክ ተኩስ የተሰጠው በ1920ዎቹ የቤልጂግ መኮንኖች ክቡር ዘበኛን ማሠልጠን ሲጀምሩና በ1927 ዓ.ም. የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት በስዊድናዊው ካፒቴን ቪኪንግ ታም ኃላፊነት ሲከፈት ነው። በእነዚህ ቦታዎች የተያዘው ግን አምስት ጥይት የሚይዘው ማውዘር ነበር። ሆለታ ገና አንድ ዓመት ከጥቂት ወራት እንዳስተማረ አገሩ በፋሺስት ጦር ተያዘ፤ በአምስቱ ዓመት አርበኞች እጅም ምንሽርና ቤልጂግ የተባሉት ጠመንጃዎች ከአሮጌው ውጅግራ ጋር ተሰልፈው ታዩ። ጥይት ከጠላት እየማረከ የሚዋጋ አርበኛ፣ በአያቱ ዘመን ከነበረው ባለ ነፍጥ ባልተለየ ሁኔታ ምላጩን የሚስበው ተሰልቶ ነበር።

በሌላው ዓለም አንድ ጎራሹ በዚህ ጊዜ ሙሉ በሙሉ የስፖርት ዕቃ ሆኗል። በኦሎምፒክ የነበረው የ50 ሜትር ሽጉጥ ውድድር ተወዳዳሪው ቆሞ በአንድ እጁ 60 ጥይት አንድ በአንድ እያጎረሰ የሚተኩስበት ሲሆን፣ አሥር ነጥብ የሚያስገኘው ክብ ስፋቱ 50 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የሽጉጡ እንጨት እጀታ በተኳሹ መዳፍ ልክ ይቀረጻል፤ ምላጩም በጣት ንክኪ ብቻ እንዲለቅ ይደረጋል። የስዊሱ ሄመርሊና የሩሲያው ቶዝ 35 የተባሉት ስመ ጥር ሽጉጦች የተጠቀሙት፣ እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1871 ለጦራቸው የተቀበሉትንና በኢትዮጵያም የታወቀውን የማርቲኒ መዝጊያ ዓይነት ነው። የሶቪየቱ ሜሌንትየቭ እ.ኤ.አ. በ1980 በሞስኮ ያስመዘገበው 581 ነጥብ፣ የደቡብ ኮሪያው ጂን ጆንግ ኦ እ.ኤ.አ. በ2014 583 እስኪያገኝ ድረስ አልተሰበረም። በአሜሪካ ደግሞ ሬሚንግተን እ.ኤ.አ. በ1963፣ ቶምሰን ሴንተር እ.ኤ.አ. በ1967 የጠመንጃ ያህል ኃይል ያላቸው አንድ ጎራሽ ሽጉጦች አወጡ፤ ከሜክሲኮ በመጣው ጨዋታ መሠረትም በ50 ሜትር በዶሮ፣ በ100 በዐሣማ፣ በ150 በተርኪ፣ በ200 ሜትር በበግ አምሳል የተቆረጡ ብረቶችን መጣል ራሱን የቻለ ውድድር ሆነ። ብረቱ ተመትቶ ካልወደቀ ነጥብ የለም።

ኢትዮጵያ በዒላማ ስፖርት የምትጠቀስበት አንድ ክስተት ከባሩድ ጋር ግንኙነት የለውም። የክቡር ዘበኛው ሻምበል አበበ ቢቂላ መጋቢት 1961 ዓ.ም. በደረሰበት የመኪና አደጋ እግሮቹ ከማይታዘዙት በኋላ፣ በ1962 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በተደረገው የስቶክ ማንደቪል ውድድር በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በቀስት ተወዳድሯል። የማራቶን ድሎቹ ስላደበዘዙት እንጂ ይህም በአገሪቱ የስፖርት ታሪክ ቦታ የሚገባው ነው።

በመግቢያው የተጠቀሰው የእርሻና የግጦሽ አገር ግን ዛሬ ተለውጧል፤ ላፍቶ፣ ጀሞ፣ ለቡና መካኒሳ በኮንዶሚኒየምና በግል ቤቶች ተሞልተዋል። የ50 ሜትሩ ስፖርት የሚጠቀምባት ትንሿ ባለ 5.6 ሚሊ ሜትር ጥይት እንኳ ካልተገታች እስከ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ልትሄድ ስለምትችል፣ የአፈር ግድብና ሰፊ ባዶ መሬት የሚጠይቅ የተኩስ ሜዳ በዚህ አካባቢ የሚታሰብ አይደለም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012ም ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። የ50 ሜትሩ ሽጉጥ ራሱ እ.ኤ.አ. ከ2016ቱ የሪዮ ውድድር በኋላ ከኦሎምፒክ ወጥቷል። ከአንድ ጎራሽ የሽጉጥ ውድድሮች የቀረው የ10 ሜትሩ የአየር ሽጉጥ ነው፤ ይህ የሚተኩሰው ባለ 4.5 ሚሊ ሜትር እርሳስ በታመቀ አየር ስለሚገፋ ባሩድ አያስፈልገውም፤ የአሥር ነጥቡ ክብ ስፋት 11.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ውድድሩም በአንድ የትምህርት ቤት አዳራሽ ርዝመት ውስጥ ያልቃል። በላፍቶም ሆነ በሌላ የአዲስ አበባ ክፍል ይህን ስፖርት ሕጉን ጠብቆ ለማቋቋም የሚያስብ አካል ቢኖር፣ ሊጀምር የሚገባው ከዚህ ከ10 ሜትሩ ነው።