ስለ ድሬዳዋ የባቡር ጣቢያና ስለ ሊቶሪና

ባቡር የሚለውን ቃል ስንናገር ማናችንም ስለ እንፋሎት አናስብም። ነገር ግን ቃሉ በመሠረቱ እንፋሎት ማለት ነው። የኢጣልያኑ ቫፖሬ በቱርክና በዐረብ መርከበኞች አፍ ቫፑርና ባቡር እየተባለ በቀይ ባሕር በኩል ወደ እኛ ሲገባ፣ ስሙ የተሰጠው በእንፋሎት ለሚነዳው መርከብ ነበር። በየብስ የሚሄደው ሲመጣም ከባሕሩ እንዲለይ «የምድር ባቡር» ተባለ። የብረት መንገዱ ሐዲድ መባሉ ከዐረብኛ ነው፤ በዚያ ቋንቋ ሐዲድ ብረት ማለት ነውና። የአዲስ አበባው ለገሃር ደግሞ ፈረንሳዮች ጣቢያውን «ላ ጋር» ሲሉት በሰሚው ጆሮ የቀረ ድምፅ ነው። ስለ ምድር ባቡራችን ታሪክ የተጻፉት መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ የሚያወሱት ውልን፣ አክሲዮንንና የመንግሥታትን ክርክር ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ በናፍጣ የሚሄደው የመንገደኛ ባቡር በድሬዳዋና በአካባቢዋ ጣቢያዎች ኑሮ ላይ ያመጣውን ለውጥ መመልከት ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ ተወላጅ ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ሥራ ፈቃድ የሰጡት በ1894 ነው። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ ሐዲዱ በ1902 መጨረሻ ከተራራው ግርጌ ደረሰ። በመጀመሪያው አሳብ መንገዱ ሐረር ከተማ መድረስ ነበረበት፤ ነገር ግን ወደ ደጋው ለመውጣት የሚያስፈልገው ወጪ ከኩባንያው አቅም በላይ ስለ ሆነ ሐዲዱ በቆላው ቀረ። በዚህ ምክንያት ሐረር የሺህ ዘመን ንግዷን ለማታውቀው ለአንድ አሸዋማ ስፍራ አካፈለች። አዲሱ ስፍራም «አዲስ ሐረር» ተባለ፤ ሆኖም የነዋሪው አፍ ከአዋጅ ይልቅ ስለሚበረታ ድሬዳዋ የሚለው ስም ጸና። ኩባንያው በገንዘብ እጦት ወድቆ በሌላ ኩባንያ ከተተካ በኋላ፣ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር፣ የሐዲዱም ስፋት አንድ ሜትር ነበር።

ድሬዳዋን ያየ ሰው ከተማይቱ በሁለት እጅ የተሠራች መሆኗን ወዲያው ይረዳል። ከጣቢያው ፊት ለፊት የተዘረጋው ከዚራ መንገዱ በገመድ የተለካ፣ በዛፍ ጥላ የተሸፈነ የመሐንዲስ ሥራ ነው። ደቻቱ ከሚባለው፣ በበጋ አሸዋ በክረምት ጎርፍ ከሆነው ወንዝ ማዶ ያለው መጋላ ግን እንደ ገበያው ፈቃድ ያደገ ነው። ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ ሐረሬው፣ አማራው፣ ዐረቡ፣ ሕንዱ፣ ግሪኩና አርመኑ የተገናኙባት ይህች ከተማ ሌላ እናት የላትም፤ የወለዳት ጣቢያው ነው። ትልቁ የጥገና ፋብሪካም በዚያው ስለ ተተከለ፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ የብረት ሙያ ፈረንሳይኛ ከተቀላቀለበት የሥራ ቋንቋ ጋራ ሥር ሰደደ።

የእንፋሎቱ ዘመን ጠባይ ዘገምተኛነት ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከጅቡቲ አዲስ አበባ ለመድረስ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ ባቡሩ ሌሊት ስለማይሄድ መንገደኛው ድሬዳዋና አዋሽ ላይ ያድር ነበር። ይህ ማደር ቀላል ነገር አልነበረም። የሆቴሉ፣ የጠላ ቤቱ፣ የተሸካሚውና የጠባቂው ኑሮ የተመሠረተው በእርሱ ላይ ነው። ከዚህም ሌላ እሳት የሚበላው ሞተር ውሃ ይጠማዋል፤ ውሃ እንደ ልብ በማይገኝበት በረሃም የማጠጫ ስፍራ ማዘጋጀት ግድ ነበር። ሞተሩ ውሃ እስኪጠጣ ድረስ መንገደኛው ይወርዳል፣ ይገዛል፣ ይጫወታል። እንደ እኔ አስተያየት ከሽንሌ እስከ ሚኤሶ ካሉት ትናንሽ የጣቢያ መንደሮች ብዙዎቹ ኑሯቸውን ያገኙት ከባቡሩ ፍጥነት ሳይሆን ከመቆሙ ነው።

በ1936 ኢጣልያ ኢትዮጵያን ከያዘች በኋላ የመንገዱ አሠራር ተለወጠ። በ1938 የፊያት ፋብሪካ የሠራቸው በናፍጣ የሚሄዱ የመንገደኛ ተሽከርካሪዎች ወደ ሐዲዱ ገቡ። እነዚህ በሎኮሞቲቭ የሚጎተቱ አልነበሩም፤ ሞተሩና የመንገደኛው ወንበር በአንድ አካል ውስጥ ናቸው። ነጂው ከፊትም ከኋላም መቀመጫ ስላለው መጨረሻ ጣቢያ ሲደርስ ማዞሪያ አያሻም። የእንፋሎቱ ሞተር ለጉዞ እስኪደርስ ውሃው እስኪፈላ ብዙ ሰዓት ሲጠበቅ፣ ይህ ግን እንደ አውቶሞቢል ተነሥቶ ይሄዳል። እሳት አንዳጁም ከሥራ ወጣ። በነገራችን ላይ ፈረንሳዮች ያንን እሳት አንዳጅ የሚጠሩት «ሾፈር» ብለው ነው፤ ትርጓሜውም «አሟቂ» ማለት ነው። እኛ ዛሬ መኪና ነጂውን ሁሉ ሹፌር የምንለው በዚህ ቃል ነው፤ ስለዚህ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ስሙ በመሪው ላይ ተቀምጦ ይኖራል።

ፈረንሳዮች ተሽከርካሪውን «አውቶራይ» ይሉታል። በሕዝቡ ዘንድ የሰፋው ስም ግን ሊቶሪና ነው፤ የዚህ ስም ታሪክ ትንሽ ዝርዝር ይሻል። የፋሽስት መንግሥት ከሮማ በስተደቡብ ያለውን ረግረግ አድርቆ በ1932 ሊቶሪያ የተባለች ከተማ ቆርቁሮ ነበር። ሊቶሪያ የሚለውም የተወሰደው የፓርቲው ምልክት ከሆነው ከጥንቱ የሮማ ባለ ሥልጣን በትር ስም ነው። በዚያው ዘመን የወጡት አዳዲስ የፊያት ተሽከርካሪዎች በከተማይቱ ስም ሊቶሪና ተባሉ። ከጦርነቱ በኋላ ኢጣልያኖች ራሳቸው የከተማይቱን ስም ለውጠው ላቲና አሏት። እኛ ግን በ1941 ጠላትን አስወጥተን፣ ሐውልቱን አፍርሰን፣ የመንገዱንና የአደባባዩን ስም ለውጠን ስናበቃ፣ ሊቶሪና በአፋችን ቀረ። በአሥመራና በምጽዋ መካከል በሚሄደው መንገድም እንዲሁ ነው። አንዳንድ ሰው ይህን እንደ ቸልተኝነት ይቆጥረዋል። እኔ ግን አልስማማም፤ ሕዝቡ ቃሉን ሲቀበል የጌታውን አሳብ አልተቀበለም። በድሬዳዋ ሰው ዘንድ ሊቶሪና ማለት ፈጣን፣ ንጹሕና ቀጠሮ የሚያከብር ባቡር ማለት ብቻ ነው።

ኩባንያው መንገዱን ከእንግሊዞች እጅ በ1946 ከተረከበ በኋላ፣ በ1950ዎቹ የናፍጣ ሎኮሞቲቮች እየተጨመሩ እንፋሎቱ ቦታውን ለቀቀ። ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ የሚወስደው 473 ኪሎ ሜትር የአንድ ቀን ጉዞ ሆነ። በዚህ ጊዜ በጣቢያው ላይ ሁለት ዓይነት መንገደኛ ተለየ። ባለ ሥልጣኑ፣ ተማሪውና እጀ ባዶው ሊቶሪናውን ይመርጣል፤ ባለ ጆንያው፣ ባለ ፍየሉና ነጋዴይቱ በየጣቢያው እየቆመ የሚሄደውን ዘገምተኛ ባቡር ይጠብቃሉ። የብርቱካን፣ የእንቁላልና የወተት ሻጮችም ይህን ልዩነት ከማንም አስቀድመው ያወቁት ናቸው። ሊቶሪናው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሚቆም ገበያው በመስኮት በኩል በሩጫ የሚደረግ ሆነ፤ ገንዘብ ቀድሞ ይሰጣል ወይስ ዕቃ የሚለው ጥያቄም ከሁለቱ ወገን እምነትን የሚፈትን ነበር። አዋሽ ላይ የማደሩ ልማድ ሲቀር የዚያ ጣቢያ ሆቴል የአዳሪ ቤት መሆኑ ቀንሶ የምሳ ቤት ሆነ።

ከዚያ በኋላ የደረሰው ታሪክ አጭርና መራራ ነው። በ1977 በኦጋዴኑ ጦርነት ድልድዮች ፈርሰው መንገዱ ተቋረጠ። በዚያው ዓመት ጅቡቲ ነፃ ስለ ወጣች፣ ኩባንያው በ1981 የኢትዮጵያና የጅቡቲ የጋራ ድርጅት ሆኖ ተቋቋመ። በጥር 1985 በአዋሽ አጠገብ አንድ የመንገደኛ ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል ሲገባ ከ400 በላይ ሰው ሞተ። የአስፋልቱ መንገድም ጭነቱን እየወሰደ፣ መለዋወጫ እየጠፋ፣ በ2000ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ የሚደረገው የድሮው ጉዞ ቆመ።

አሮጌዎቹ ተሽከርካሪዎችና የጥገናው ፋብሪካ ግን በድሬዳዋ ግቢ ውስጥ አሉ፤ ጎብኚም ይገባል። ብረቱን መጠበቅ መልካም ነው፤ ቢሆንም ለእኛ ማኅበር ሥራ ይበልጥ የሚያስቸኩለው ሌላ ነው። የመሣሪያውን፣ የብልሽቱን፣ የምልክቱንና የፊሽካውን ስም ሁሉ በግማሽ ፈረንሳይኛ በግማሽ አማርኛ የሚያውቁት ጡረተኞች እያነሱ ናቸው፤ ይህም የሥራ ቋንቋ በመዝገበ ቃላት አልገባም። አንድ ተማሪ መዝገብ ይዞ አንድ ክረምት በከዚራ ቢቀመጥ፣ ከመዛግብት ቤት የማይገኝ ብዙ ነገር ይሰበስባል። ሴቶቹ ነጋዴዎችም ሊዘነጉ አይገባም፤ ስለ ጣቢያ ገበያው ዋጋና ዱቤ ከእነርሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር በ2016 ተመርቆ በ2018 መደበኛ ሥራውን ጀምሯል። ጣቢያው ከከተማው መካከል ርቆ በሜዳ ላይ ስለ ተሠራ፣ የሚወርደው መንገደኛ ከዚራን ለማየት ባጃጅ ወይም ታክሲ መያዝ ያስፈልገዋል።